ጋራንቲው የማን ነው? አዲስ መኪና የገዛ ሰው በእጁ ያለው ወረቀት

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ከደላላው ሦስት ነገር ሳይሰማ አይመለስም። መኪናው ዜሮ ኪሎ ሜትር ነው፣ ሞዴሉ አዲስ ነው፣ «ጋራንቲም አለው» ይባላል። የመጀመሪያውን ገዢው ቆጣሪውን አይቶ ያረጋግጣል። ሁለተኛውን ከዲክላራሲዮኑና ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ያመሳክራል። ሦስተኛውን ግን ብዙ ጊዜ እንደተነገረው ተቀብሎት ይሄዳል። ጋራንቲው የማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሸፍን፣ እስከ መቼ እንደሚዘልቅና የት አገር እንደሚሠራ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ጥያቄው የሚነሳው መኪናው ሲቆም ነው። ያን ጊዜ ሻጩ «እኔ ሸጥኩ እንጂ አልሠራሁትም፤ ፋብሪካውን ጠይቅ» ይላል። የፋብሪካው ወኪል በበኩሉ «ይህ መኪና በእኛ በኩል አልገባም» ብሎ ይመልሳል። ገዢው በሁለቱ መካከል ይቀርና ወጪውን ከኪሱ ይሸፍናል።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው የከበደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ገበያው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ማዞሩ ነው። የነዳጅ መኪና ሲበላሽ ሰፈር ውስጥ ባለ ጋራዥ መላ ይገኝለታል፤ የኤሌክትሪኩን ባትሪና ኮምፒዩተር ግን ደፍሮ የሚከፍት ባለሙያ ገና ጥቂት ነው። ሁለተኛው፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ በዶላር የሚመጣ መለዋወጫ በብር ሲተመን መወደዱ ነው። በመሆኑም ፋብሪካው በነፃ የሚተካው ዕቃና ባለቤቱ ከኪሱ የሚገዛው ዕቃ ልዩነታቸው ሰፍቷል።

ዋስትና የመኪናው አካል አይደለም። ከመኪናው ጋር አብሮ የሚሸጥ የጽሑፍ ቃል ነው። እንደማንኛውም ዕዳ ባለዕዳ አለው፣ የሚከፈልበት ቦታ አለው፣ የሚያልቅበት ቀንም አለው። ከሦስቱ አንዱ ካልታወቀ «ጋራንቲ አለው» የሚለው አነጋገር ዋጋ መጨመሪያ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዋስትና ሲባል የትኛው?

በገበያው ውስጥ አራት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ሲጠሩ ይሰማል። የመጀመሪያው የአምራቹ ፋብሪካ ዋስትና ነው። ፋብሪካው በዕቃው ጥራት ወይም በአሠራሩ ጉድለት የተነሳ የሚበላሸውን ክፍል በነፃ ለመጠገን ወይም ለመተካት የሚገባው ግዴታ ነው። የዕቃውንም የእጅ ዋጋውንም ይጨምራል።

ሁለተኛው አስመጪው ወይም ሻጩ በራሱ ስም የሚሰጠው ዋስትና ነው። ይህኛው በሻጩ አቅምና ዕድሜ ይወሰናል። ሱቁ ሲዘጋ ዋስትናውም አብሮ ይዘጋል። ሦስተኛው የተራዘመ ዋስትና የሚባለው ሲሆን፣ ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎበት የፋብሪካው ጊዜ ካለቀ በኋላ የሚቀጥል ውል ነው። አራተኛው ኢንሹራንስ ነው። ኢንሹራንስ ግጭትን፣ ስርቆትንና እሳትን እንደ ውሉ የሚክስ እንጂ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ጉድለት የሚጠግን አይደለም። ዋስትናም በተራው የተጋጨን መኪና አያቃናም። ሁለቱ አይተካኩም።

«ጋራንቲ አለው» ሲባል ገዢው በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት እንግዲህ ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ነው።

የሚሸፍነው

የፋብሪካ ዋስትና ብዙውን ጊዜ በንብርብር የተዘጋጀ ነው። ላይኛው ንብርብር አጠቃላይ ዋስትና ሲሆን፣ ከተለዩ ነገሮች በስተቀር መኪናውን በሙሉ ይይዛል። የመስኮት ማንሻ፣ ራዲዮ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የመሪ ክፍል፣ የኤሌክትሪክ መስመርና የመሳሰሉት በዚህ ውስጥ ናቸው። ጊዜው ከሌሎቹ አጭር ነው።

ሁለተኛው ንብርብር ሞተርን፣ ካምቢዮንና ዲፈረንሲያልን፣ ባጭሩ ኃይል አመንጪና አስተላላፊውን ክፍል የሚመለከት ነው። እነዚህ ውድ ክፍሎች ስለሆኑ ብዙ ፋብሪካዎች ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጧቸዋል። ሦስተኛው ከውስጥ በልቶ አካልን ለሚበሳ ዝገት የሚሰጠው ነው። በድንጋይ ተፈንጥሮ ወይም ተፍቆ የሚነሳ ቀለም በዚህ ውስጥ አይገባም። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ደግሞ የትልቁ ባትሪ ዋስትና አራተኛ ንብርብር ሆኖ ይጨመራል።

መጠኑ ከፋብሪካ ፋብሪካ ብቻ ሳይሆን ከአገር አገርም ይለያያል። ቶዮታ በአሜሪካ ገበያ የሚሰጠው አጠቃላይ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36 ሺህ ማይል፣ ማለትም 58 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሞተርና ለካምቢዮ ደግሞ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ይሰጣል። ኪያ በአውሮፓ 7 ዓመት ወይም 150 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ሀዩንዳይ በአሜሪካ ለሞተርና ለካምቢዮ የሚሰጠው 10 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ሲሆን፣ በዚያ አገር ገበያ ስሙን ያደሰበት አንዱ መንገድም ይኸው ነበር።

የሀዩንዳይ ውል ለነጋዴው ትምህርት የሚሰጥ ነው። አሥሩ ዓመት የሚሠራው ለመጀመሪያው ባለቤት ነው። መኪናው ለሁለተኛ ሰው ሲሸጥ የሞተሩና የካምቢዮው ዋስትና ወደ 5 ዓመት ወይም 60 ሺህ ማይል ይወርዳል። ለታክሲና ለኪራይ የዋለ መኪናም ከአሥር ዓመቱ ውጭ ነው። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ትልቁ ቁጥር ነው፤ ገዢው የሚያገኘውን የሚወስኑት ግን ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፉት መስመሮች ናቸው።

ሰዓቱ ከመቼ ይቆጠራል?

በዋስትና ወረቀት ላይ «3 ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር» ተብሎ ሲጻፍ ትርጉሙ ቀድሞ የደረሰው ያበቃዋል ማለት ነው። ገዢው የተሻለውን የመምረጥ መብት የለውም።

ለአብነት ያህል በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የቤት መኪና በወር 1,200 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በ3 ዓመት ውስጥ የሚደርሰው 43 ሺህ አካባቢ ስለሆነ ዋስትናው የሚያልቅበት በዓመቱ ነው። በስልክ እየተጠራ የሚሠራ ታክሲ ግን በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ በወር 3,900 ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። መቶ ሺው የሚሞላበት በሁለት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ነው። ዋስትናው 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ በ16ኛው ወር ላይ ያበቃል። ይኸውም ውሉ ታክሲን ጨርሶ ካልከለከለ ነው።

ቀኑ የሚጀምርበትም ነጥብ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ዋስትናው የሚቆጠረው በውሉ ላይ እንደተጻፈው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ወይም ከተመዘገበበት ቀን አንስቶ እንጂ አዲስ አበባ ላይ ቁልፍ ከተቀበሉበት ቀን ላይሆን ይችላል። በውጭ አገር በአንድ ሰው ስም ደረሰኝ የተቆረጠለት መኪና በመርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ በማሳያ ክፍል ቆሞ ስምንት ወር ቢያልፍ፣ ከ36 ወር ዋስትና ለመጨረሻው ገዢ የሚቀረው 28 ወር ነው። ቆጣሪው ዜሮ ቢልም የቀን መቁጠሪያው አልቆመም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጉዳይ የተተካ ዕቃ ነው። በዋስትና አዲስ ዕቃ ሲገጠም ሰዓቱ እንደገና ከዜሮ የሚጀምር ይመስላል። በአብዛኛው ውል ግን የተተካው ዕቃ የሚሸፈነው የመኪናው ዋስትና እስኪያልቅ በቀረው ጊዜ ብቻ ነው።

የማይሸፍነው

በተፈጥሮው እየተበላ የሚያልቅ ዕቃ ከዋስትና ውጭ ነው። የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ፊልትሮ፣ ዘይት፣ አምፖልና የመሳሰሉት በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ጎማ ብዙውን ጊዜ የራሱ የጎማ ፋብሪካ ዋስትና አለው። በግጭት፣ በጎርፍ፣ በእሳት ወይም በስርቆት የደረሰ ጉዳትም የኢንሹራንሱ ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ባለቤቱ ራሱ የሚያመጣቸው ምክንያቶች ይመጣሉ። መኪናውን ከተፈቀደለት በላይ መጫን፣ ጥራት የሌለው ነዳጅ ወይም የማይስማማ ዘይት መጠቀም፣ ቆጣሪ መመለስ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ቆርጦ ተጨማሪ መብራት ወይም ማንቂያ መቀጠል፣ ሞላ መቀየር፣ ወቅታዊ ሰርቪስ አለማድረግ ዋናዎቹ ናቸው። ፋብሪካው ኃላፊነቱን ለመካድ ምክንያት ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሰርቪስ ደብተሩን ነው። ማኅተም የሌለበት ገጽ ለባለቤቱ ክርክር ያከብድበታል። በመሆኑም ከዋስትናው ጋር ደብተሩን፣ የሰርቪስ ደረሰኞቹንና የኪሎ ሜትሩን መዝገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

መኪናው ከወኪሉ ጋራዥ ውጭ ሰርቪስ ከተደረገ ዋስትናው ይሰረዛል ወይ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ሕግ ይለያያል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግኑሰን ሞስ ሕግ ፋብሪካው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን በነፃ እስካልሰጠ ድረስ «የእኔን ዕቃ ወይም የእኔን ጋራዥ ብቻ ካልተጠቀምክ ዋስትናህ ይሰረዛል» ማለት እንዳይችል በመርህ ደረጃ ይከለክላል። ብልሽቱን ያመጣው የሌላው ዕቃ መሆኑን ማሳየት የፋብሪካው ድርሻ ነው። በአሜሪካ ከተሞች በመኪና ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ማወቃቸው ይጠቅማቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ ሕግ አይሠራም፤ ስለ ጋራዡ የሚወስነው የተፈረመው ውል ነው።

ለነጋዴው ከሁሉ የሚያመው የተቋረጠ ገቢ ነው። ዕቃው እስኪመጣ መኪናው ሁለት ወር ቢቆም፣ በእነዚያ ወራት ሊገባ ይችል የነበረውን ገንዘብ፣ የባንክ ወለዱንና የሾፌሩን ደመወዝ የፋብሪካ ዋስትና በተለምዶ አይከፍልም። ግዴታው ዕቃውን መጠገን ነው። መኪናውን ለሥራ የሚገዛ ባለሀብት የዚህን አደጋ ዋጋ ከመጀመሪያው በሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አለበት።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ትልቁ ገንዘብ ያለው ባትሪው ላይ ነው። በዓለም ገበያ የተለመደው የባትሪ ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ የሚበልጥ የሚሰጡም አሉ። ፎልክስዋገን በአውሮፓ ለሚሸጣቸው የአይዲ መኪኖች የሚሰጠው ይኸው 8 ዓመትና 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባትሪው አዲስ ሳለ ከነበረው የመያዝ አቅም ቢያንስ 70 በመቶውን መያዝ አለበት ይላል።

ይህ 70 በመቶ በትክክል ሊታወቅ ይገባል። አዲስ ሳለ በአንድ ቻርጅ 400 ኪሎ ሜትር ይሄድ የነበረ መኪና አቅሙ ወደ 75 በመቶ ወርዶ 300 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ፣ ባለቤቱ ቢማረርም ፋብሪካው ግዴታ የለበትም። ግዴታው የሚጀምረው ወደ 280 ኪሎ ሜትር ከሚያወርደው መጠን በታች ሲሆን ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ፋብሪካው ሙሉ አዲስ ባትሪ የመስጠት ግዴታ ላይኖርበት ይችላል። የደከመውን ሞጁል ብቻ ቀይሮ ወይም የታደሰ ባትሪ ገጥሞ አቅሙን በውሉ ወደተጻፈው መጠን መመለስ የሚፈቅዱ ውሎች አሉ። መለኪያውም የፋብሪካው መሣሪያ እንጂ በማሳያው ላይ የሚታየው የርቀት ግምት አይደለም።

በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ሁለት ዓይነት ባትሪ መኖሩም አይዘንጋ። መብራቱን፣ መቆለፊያውንና ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳው ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እንደ ተራ ዕቃ የሚታይና አጭር ጊዜ የሚሰጠው ነው። ስምንት ዓመቱ የትልቁ ነው።

ትልቁ ባትሪ የሚገኘው ከመኪናው ወለል ሥር ነው። በአዲስ አበባና በክልል መንገዶች ከፍ ያለ የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ፣ ያልተነጠፈ ኮብልና የወጣ ድንጋይ የመኪናን ሆድ ይመታል። ከሥር የተመታ ባትሪ የአደጋ ጉዳት እንጂ የፋብሪካ ጉድለት አይባልም። ጎርፍ ውስጥ ገብቶ የቆመም እንደዚሁ። ደረጃውን ባልጠበቀ የኤሌክትሪክ መስመርና ሶኬት ቻርጅ ተደርጎ የተቃጠለ ዕቃም ክርክር ያስነሳል። ያልተፈቀደለት ሰው የባትሪውን ሽፋን ከከፈተው ደግሞ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ሊያልቅ ይችላል። እነዚህን አደጋዎች ኢንሹራንሱ ይሸፍን እንደሆነ ፖሊሲው ሲገዛ ማስጻፍ ይገባል።

ድንበር የማይሻገር ዋስትና

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው ዋስትናው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚከበር ከሆነ ነው። የገበያው ዋነኛ ችግርም እዚህ ላይ ነው።

የፋብሪካ ዋስትና በአብዛኛው የሚሰጠው ለገበያ ነው። መኪናው እንዲሸጥ በታሰበበት አገር፣ በዚያ አገር ባለው የወኪል መረብ በኩል ይከበራል። በሌላ ገበያ የተሠራን መኪና ነጋዴ ገዝቶ በሌላ መንገድ ቢያስገባው መኪናው ድንበር ይሻገራል፤ ዋስትናው ግን እዚያው ይቀራል።

ቻይና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። በቻይና ለቤት አገልግሎት የሚውል መኪና የገዛ ሰው በሕግ የሚጠበቅለት መብት አለው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የተሻሻለ ደንብ መሠረት የነፃ ጥገናው ጊዜ ከ3 ዓመት ወይም ከ60 ሺህ ኪሎ ሜትር ማነስ አይችልም። መኪናው እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ የሚቻልበት ጊዜ ደግሞ ከ2 ዓመት ወይም ከ50 ሺህ ኪሎ ሜትር አያንስም። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ወይም 3 ሺህ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ በጥራት ጉድለት ትልቁ ባትሪ በእሳት ቢያያዝ ገዢው መኪናውን መመለስ ይችላል። መኪናው ለሌላ ሰው ቢሸጥም ይህ መብት ከመኪናው ጋር ይሄዳል።

ይሁንና ደንቡ የሚመለከተው በቻይና ምድር የተሸጠን የቤት መኪና ነው። መብቱ ከባለቤት ወደ ባለቤት ይተላለፋል፤ ከአገር ወደ አገር ግን አይተላለፍም። አዲስ አበባ መንገድ ላይ በብዛት ከሚታዩት መኪኖች አንዱ የሆነው ፎልክስዋገን አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው። አይዲ 4ም ቢሆን በጀርመንም በቻይናም የሚመረት ሲሆን የቻይናው የሚወጣው ኩባንያው ከቻይናውያን ጋር በሽርክና ከሚያሠራቸው ፋብሪካዎች ነው። ስለዚህ የአውሮፓውን የ8 ዓመት የባትሪ ዋስትና አንብቦ የቻይናውን መኪና የገዛ ሰው የሌላ ሰው ውል አንብቧል ማለት ነው።

«ዜሮ ኪሎ ሜትር ያገለገለ» የሚባለው ንግድም አለ። መኪናው በቻይና በአንድ ሰው ወይም ድርጅት ስም ሰሌዳ ይወጣለታል፤ ሳይነዳ እንደ ያገለገለ መኪና ተመዝግቦ ወደ ውጭ ይላካል። ለገዢው አዲስ ነው፤ በወረቀት ግን ሁለተኛ ባለቤት ነው። አንዳንድ የቻይና ፋብሪካዎች ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ የሚሰጡት የዕድሜ ልክ የባትሪ ዋስትናም ያኔውኑ ይጠፋል።

የቻይና መንግሥት ይህን አሠራር ለመቆጣጠር እርምጃ ወስዷል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከተመዘገበ 180 ቀን ያልሞላው መኪና እንደ ያገለገለ ተቆጥሮ ሲላክ፣ ላኪው የአምራቹን ፋብሪካ የድኅረ ሽያጭ አገልግሎት ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲያቀርብ ተደንግጓል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ መንገድ የመጣ መኪና የሚገዛ ሰው የደብዳቤውን ቅጂ ከአስመጪው መጠየቅ ይችላል። አስመጪው ደብዳቤውን ማሳየት ካልቻለ ገዢው ምክንያቱን ሳይሰማ ገንዘብ ማስያዝ የለበትም።

በአንጻሩ በፋብሪካው ዕውቅና ባላቸው ወኪሎች በኩል የሚገባ መኪና ዋጋው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ልዩነቱ ግን ትርፍ ብቻ አይደለም። ውስጡ የጋራዡ፣ የመለዋወጫ ክምችቱና የዋስትናው ወጪ አለበት። ርካሹን የሚመርጥ ገዢ ያንን ወጪ አላስቀረውም፤ ወደ ራሱ ኪስ አዛውሮታል።

ሕጉ ምን ይላል?

የፋብሪካ ዋስትና የለም ማለት ግን ገዢው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል። ይህ ግዴታ የፋብሪካው ሳይሆን የሻጩ ነው። «እኔ አልሠራሁትም» የሚለው መልስ በዚህ ሕግ ፊት በቂ አይደለም።

ሆኖም ሕጉ ገዢውንም ያስገድደዋል። ዕቃውን እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ምን ዓይነት ጉድለት እንደሆነ ለይቶ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ካሳወቀ በኋላም መብቱን በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ ይኖርበታል። በስልክና በሽምግልና ወራት ያሳለፈ፣ በጽሑፍ ያላሳወቀ ገዢ መብቱን በገዛ እጁ ያዳክማል። ውሉ ላይ «ሻጭ ከርክክብ በኋላ ለሚፈጠር ብልሽት ተጠያቂ አይደለም» የሚል ሐረግ መፈረምም ትልቅ ውጤት አለው። ሐረጉ ዋጋ የሚያጣው ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል የደበቀ እንደሆነ ነው፤ ይህንን ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል እንዲሉ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹን የሚረዳ ሌላ መንገድ ነው። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። መኪና ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ለታክሲ ወይም ለኪራይ የሚገዛ ባለሀብትም በአዋጁ ላይ ከመመካት ይልቅ ውሉን ማጥበቅ ይሻለዋል።

ከዚህ አኳያ አስመጪውና ደላላውም ቢሆኑ ስለራሳቸው ማሰብ አለባቸው። ከወኪል ውጭ መኪና አስገብቶ የሚሸጥ ነጋዴ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ በሕግ ፊት የመጀመሪያው ዋስ እሱ ነው። «የፋብሪካ ጋራንቲ አለው» ብሎ ከጻፈና ጋራንቲው ካልተከበረ ደግሞ መኪናው ከውሉ ጋር አልተስማማም የሚል ክስ ሊነሳበት ይችላል። ጠንቃቃ ነጋዴ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ይይዛል፤ ከአንድ ጋራዥም ጋር ይዋዋላል። ይህን የሚያደርግ ሻጭ ራሱ የሚሰጠው የአንድ ዓመት ዋስትና፣ የማይከበር የስምንት ዓመት ወረቀት ከሚያሳየው ይበልጣል።

ከመፈረም በፊት

ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም መልስ ቢያገኝ ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

አንደኛ፣ ዋስትናውን የሰጠው ማን ነው? ፋብሪካው፣ አስመጪው ወይስ ሻጩ?

ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የትኛው ጋራዥ ያከብረዋል? ባለ 17 አኃዝና ፊደል የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ወደ ወኪሉ በመሄድ መኪናው በዋስትና መዝገብ ውስጥ መኖሩንና ለየትኛው አገር እንደተሠራ መጠየቅ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ጊዜው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል? መኪናው ቀደም ሲል በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ያውቃል?

አራተኛ፣ ለታክሲ፣ ለኪራይ ወይም ለድርጅት ሥራ ቢውል ዋስትናው ይቀጥላል? ይቀንሳል?

አምስተኛ፣ የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት በመቶ ነው? የሚለካውስ በማን መሣሪያ ነው?

ስድስተኛ፣ የእጅ ዋጋ፣ የመጎተቻና ዕቃውን ከውጭ የማስመጣት ወጪ የማን ነው? ዕቃ እስኪመጣስ ስንት ቀን ይፈጃል?

ሰባተኛ፣ መኪናው ሲሸጥ ዋስትናው ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋል? የሚተላለፍ ከሆነ ሊብሬው ሲዞር የሰርቪስ ደብተሩና የዋስትናው ወረቀት አብረው መዞር አለባቸው። ዋስትናው ገና ያልተቃጠለ መኪና በድጋሚ ሽያጭ ከሌለው ይልቅ ዋጋ የማውጣት ዕድል ስላለው ይህ ለደላላውም ጥቅም ነው።

መልሱ «ዋስትና የለውም» ከሆነ ግብይቱ ይቅር ማለት አይደለም። ዋስትና የሌለው መኪናም ዋጋው ተስማሚ ከሆነ ይገዛል። ያን ጊዜ ግን በዋስትና ካለው መኪና ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት ቅናሽ ተብሎ ሳይሆን፣ ባትሪው ወይም የኤሌክትሪክ ሞተሩ ቢበላሽ ገዢው በራሱ ለሚሸከመው ወጪ የተከፈለው ተብሎ መታየት አለበት። ገዢው ያንን ገንዘብ ለብቻው ካስቀመጠው ለራሱ ጋራንቲ ሆኗል። ልዩነቱ ከአንድ የባትሪ ጥገና ዋጋ በታች ከሆነ ደግሞ ርካሽ የተባለው መኪና በእርግጥ ርካሽ መሆኑን ቁጭ ብሎ ማስላት ይኖርበታል።